ትምህርት ቤት የተፈጠረው ለፋብሪካ ነው? የግዴታ ትምህርት ከየት መጣ

በየጥቂት ወሩ ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ የሚመላለስ አንድ ዓይነት ቪዲዮ አለ። ደወል ይደወላል፤ ልጆች ተሰልፈው ክፍል ይገባሉ፤ ወዲያው የፋብሪካ ሠራተኞች ተሰልፈው ሲገቡ ይታያል። ተራኪው ድምፁን ወፈር አድርጎ ትምህርት ቤት የተፈጠረው ታዛዥ የፋብሪካ ሠራተኛ ለማውጣት እንደሆነ ይነግረናል። የፈጠረችውም ፕሩሺያ ናት ይላል፤ ኋላ ጀርመንን አንድ ያደረገችው መንግሥት ማለት ነው። መጨረሻ ላይ አሜሪካዊው የነዳጅ ቱጃር ሮክፌለር "የሚያስብ ሕዝብ አልፈልግም፣ የሚሠራ ነው የምፈልገው" አለ ተብሎ ጥቅስ ይለጠፋል። (ሮክፌለር ይህን ስለማለቱ ማስረጃ ያመጣ ሰው የለም። ጥቅሱ ግን እንደ ጉድ ይዞራል።)

ከሥሩ ያለው አስተያየት ሁሉ "እውነት ነው!" ነው። አይገርምም። ከትምህርት ቤት ጋር ትንሽ ቂም የሌለው ማን አለ? በማለዳ ሰልፍ፣ በአለንጋ፣ ያልገባንን ነገር በቃል እያነበነብን ያደግን ብዙ ነን። እንዲህ ያለ ሰው "ሆን ተብሎ ነው እንዲህ የተደረግከው" ሲባል ልቡ ቶሎ ይቀበላል።

ነገሩ ወዲህ ነው። ፕሩሺያ የሚለው በከፊል ትክክል ነው። ታዛዥነት የሚለውም ብዙ እውነት አለበት። ፋብሪካው ግን ከታሪኩ ጋር አይገጥምም፤ እንዲያውም ፋብሪካ ሲመጣ ልጆችን ከትምህርት ገበታ የሚነጥቅ ሌላ ባላንጣ ነው የሆነው። የግዴታ ትምህርት ታሪክ የልጅ ጉልበትና ጊዜ የማን ነው በሚል የተካሄደ ረጅም ሙግት ነው። ተሟጋቾቹ ወላጅ፣ ባላባት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ንጉሥ፣ በኋላ ደግሞ የፋብሪካ ባለቤት ናቸው። ልጁን የጠየቀው የለም።

ከቀኑ እንጀምር። (ኢትዮጵያን ሳነሳ ካልሆነ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የፕሩሺያው ንጉሥ ፍሬድሪክ ቪልሄልም ቀዳማዊ ወላጆች ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት እንዲልኩ ያዘዘው በ1717 ነው። ጄምስ ዋት የተሻሻለውን የእንፋሎት ሞተሩን በስሙ ያስመዘገበው በ1769 ነው። በመካከሉ ከሃምሳ ዓመት በላይ አለ። በ1717 ፕሩሺያ ውስጥ ሠራተኛ የሚፈልግ ፋብሪካ የሚባል ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል። የነበረው መሬት ነው፣ በመሬቱ ላይ ከባላባቱ ፈቃድ ውጭ ንቅንቅ የማይል ገበሬ ነው፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ወታደር የሚወድ ንጉሥ ነው። የዚህ ንጉሥ ቅጽል ስም "ወታደሩ ንጉሥ" ነበር። ሲሞት 2.2 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ላላት አገር 80,000 ያህል ሠራዊት ትቶ ነው የሞተው።

ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው ስለ ገበሬ ልጅ ማንበብ ምን አስጨነቀው?

መልሱን ለማግኘት ሌላ ሁለት መቶ ዓመት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል፤ የፕሮቴስታንት እምነትን ወዳስጀመረው ወደ ማርቲን ሉተር። ሉተር ከሮም ጋር ሲጣላ ዋናው ነገሩ ምእመኑ መጽሐፍ ቅዱስን ራሱ ይድረስበት የሚል ነበር። ችግሩ ምእመኑ ማንበብ አይችልም። ይባስ ብሎ ገዳማቱ ሲዘጉ በእነሱ ሥር የነበሩት ትምህርት ቤቶችም አብረው ተዘጉ፤ ልጁ ቄስ ካልሆነ ትምህርት ምን ይሠራለታል የሚለው ወላጅም በዛ። ሉተር በ1524 ለጀርመን ከተሞች ሹማምንት ትምህርት ቤት ክፈቱ ብሎ ጻፈ። በ1530 ደግሞ አንድ እርምጃ ጨመረና ገዢው ሕዝቡን ልጆቻችሁን አስተምሩ ብሎ ማስገደድ ይችላል፣ ይገባዋልም አለ። ክርክሩ ቀላል ነው፤ ገዢ ጉልበት ያለውን ሰው ጦር ይዞ እንዲዘምት ማስገደድ ከቻለ፣ ከሰይጣን ጋር ለሚደረገው ጦርነት ልጆች እንዲማሩ ማስገደድ እንዴት ያቅተዋል?

ልብ በሉ፤ ትምህርትና ውትድርና በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የተገናኙት ገና ያኔ ነው።

በመሃል አንድ ነገር ደርሷል። በ1525 የጀርመን ገበሬዎች በጌቶቻቸው ላይ ተነሡ፤ የሉተርንም ቃል እየጠቀሱ ነበር የተነሡት። አመጹ በደም ተጨፈለቀ፤ ሉተርም ከመሳፍንቱ ጋር ወገነ። ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ መጽሐፉን ያንብብ የሚለው ነገር ጠንቀቅ ያለ መልክ ያዘ። ሉተር በሳክሶኒ ገጠር እየዞረ የሕዝቡን እውቀት ሲያይ ደነገጠና በ1529 በጥያቄና መልስ የተዘጋጀ ትንሽ የሃይማኖት መማሪያ አወጣ። ጥያቄው አለ፣ መልሱም አለ፣ ልጁ በቃሉ ይይዘዋል። ሁለት ምኞት ጎን ለጎን ገባ ማለት ነው፦ ሰው ራሱ ያንብብ፤ ግን ትክክለኛውን ነገር ያንብብ። የዛሬ ትምህርት ቤት ገና ከዚህ ሁለት ልብነት የተላቀቀ አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላ ሕጉ በትንንሾቹ ፕሮቴስታንት ግዛቶች እየዘለለ ሄደ። ቫይማር በ1619፣ ጎታ በ1642 ልጆች ትምህርት ቤት እንዲሄዱ ደነገጉ። ውቅያኖስ ማዶ አሜሪካ ውስጥ ማሳቹሴትስ በ1642 ወላጆችና አሠሪዎች ልጆችን ማንበብ እንዲያስተምሩ አዘዘች፤ በ1647 ደግሞ 50 አባወራ ያለው ሰፈር ሁሉ መምህር እንዲቀጥር ወሰነች። ሕጉ ምክንያቱን ሲጀምር የሰይጣን አንዱ ተንኮል ሰው ቅዱሳት መጻሕፍትን እንዳያውቅ ማድረግ ነው ይላል። ስኮትላንድም በዚያው ዘመን በየደብሩ ትምህርት ቤት እንዲኖር ሕግ ታወጣ ነበር። የሁሉም ስሌት አንድ ነው፤ ነፍስ እንድትድን ማንበብ።

ለኛ ይህ ባዕድ ነገር አይደለም። ቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥሮ፣ መልእክተ ዮሐንስን ዘልቆ፣ ዳዊት ደግሞ የወጣ ሰው ወይም ቁርአን ቤት ተቀምጦ ያደገ ሰው የያኔውን የፕሩሺያ ገጠር ትምህርት ቤት ቢያይ ግራ አይጋባም። መምህሩ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነው፤ ደወል ይደውላል፣ መዝሙር ይመራል፣ ልጆቹ እየጮኹ በቃል ይይዛሉ። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። የኔታ ዘንድ የሚሄድ ልጅ ወላጁ ስለፈቀደ ወይም እሱ ራሱ ስለወደደ፣ አንዳንዴም ከቤት ጠፍቶ፣ አኮፋዳ ትከሻው ላይ ጥሎ ቁራሽ እየለመነ ነው የሚማረው። ካልሄደ ቅጣት አስከፍላለሁ የሚል መንግሥት አልነበረም።

ወደ ፕሩሺያ እንመለስ። ወታደሩ ንጉሥ የተመከረው ፒየቲስት በሚባሉ የሉተራን ወገኖች ነው። ማዕከላቸው ሃሌ ከተማ ነበረች፤ ዋናው ሰው አውጉስት ሄርማን ፍራንከ በ1695 እዚያ የድሆች ትምህርት ቤት ከፍቷል። እነዚህ ሰዎች ውጫዊ ሥርዓት አያረካቸውም። ልጁ ስለተገረፈ ብቻ ሳይሆን ከውስጡ አምኖ እንዲታዘዝ ነው የሚፈልጉት፤ ለዚህም በመጀመሪያ የራሱ ፈቃድ መሰበር አለበት ይላሉ። ቀኑ በሰዓት ይከፋፈላል፣ ሥራ ፈትነት ኃጢአት ነው፣ ልጅ ሁሌም በሰው ዓይን ሥር ነው።

ይህ ሐሳብ ለንጉሥ ምን ያህል እንደሚጥም አስቡት። የባላባቱ አለንጋ በየማሳው ሊቆም አይችልም። መኮንኑም በየድንኳኑ ሊያድር አይችልም። ማንም ሳያየው ሥራውን የሚሠራ፣ ማንም ሳይጠብቀው የማይከዳ ገበሬና ወታደር ቢገኝ ወጪው ይቀንሳል። እንግዲህ የቪዲዮው "ታዛዥነት" እውነት የሚሆነው እዚህ ጋ ነው። የታሰበው ታዛዥ ግን ለእግዚአብሔርና ለንጉሥ የሚታዘዝ የገጠር ሰው ነው። ማሽን ላይ የሚቆም ሰው በአእምሯቸው አልነበረም፤ እንዲህ ያለ ሰው ገና አልነበረማ!

የ1717ቱ ትእዛዝ ግን አንድ ቀዳዳ ነበረው። ግዴታው የሚሠራው "ትምህርት ቤት ባለበት ቦታ" ነው። ክረምት ላይ በየቀኑ፣ በጋ ላይ ሥራ ስለሚበዛ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን። ትምህርት ቤት ከሌለ ግዴታም የለም። ብዙ ቦታ ደግሞ አልነበረም።

ሁለተኛው ትልቅ ሕግ የወጣው በልጁ በታላቁ ፍሬድሪክ ዘመን፣ ነሐሴ 1763 ነው። ሰባት ዓመት የፈጀው ጦርነት ያበቃው በዚያው ዓመት የካቲት ነበር፤ አገሪቱ ገና ቁስሏ አልደረቀም። ሕጉን ያረቀቀው ሄከር የሚባል በሃሌ የተማረ ፓስተር ነው፤ በርሊን ውስጥ የመምህራን ማሠልጠኛ የከፈተ ሰው። ይህኛው ዝርዝር ነው። ልጆች ከአምስት ዓመታቸው እስከ አሥራ ሦስት ወይም አሥራ አራት ይማራሉ፤ ሴቱም ወንዱም። ክረምት ላይ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ አምስት፣ ከሰዓት በኋላ ከሰባት እስከ አሥር ሰዓት፤ በጋ ላይ በቀን ሦስት ሰዓት። ክፍያውም ተቆርጧል፤ ገና ማንበብ ላልጀመረ ልጅ በክረምት በሳምንት 6 ፕፌኒግ፣ ለሚያነብ 9፣ መጻፍና ሒሳብ ለሚማር አንድ ግሮሽን፣ ማለትም 12 ፕፌኒግ። ልጁን ያልላከ ወላጅ 16 ግሮሽን ይቀጣል። ቄሱ እየመጣ ይፈትሻል።

የሚገርመው ንጉሡ ራሱ ሃይማኖት ላይ የሚቀልድ፣ ከፈረንሳዩ ፈላስፋ ከቮልቴር ጋር የሚጻጻፍ ሰው ነው። ለራሱ ፍልስፍና፣ ለገበሬው መዝሙርና ጥያቄና መልስ። ግብዝነቱን አልደበቀውምም። በ1779 ለሚኒስትሩ ለሴድሊትስ በጻፈው ደብዳቤ ገጠር ላሉት ትንሽ ማንበብና መጻፍ ከቻሉ ይበቃል፣ ብዙ ካወቁ ወደ ከተማ ሮጠው ጸሐፊ ልሁን ይላሉ የሚል ሐሳብ አስፍሯል። ይህችን ነገር የኛም ዘመን ሹም በሆዱ ሳይላት አይቀርም።

አሁን ቪዲዮዎቹ የማይነግሩን ክፍል ላይ ደረስን። ሕጉ ከወጣ በኋላ ምን ሆነ?

ብዙም አልሆነም። መምህር የለም። ያለውም መምህር ከትምህርት በሚያገኘው መኖር ስለማይችል ሌላ ሙያ ነበረው፤ በብዛት ልብስ ሰፊ ነው። መንግሥት ራሱ ይህንን አውቆ የገጠር መምህርነት ለልብስ ሰፊዎች፣ ለሸማኔዎች፣ ለአንጥረኞችና ለአናጢዎች እንዲሰጥ በ1722 አዟል፤ ደሞዙን በሙያቸው እንዲሸፍኑት ነው። እስቲ ክፍሉን በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱት፤ መምህሩ ሱሪ እየጠቀመ ልጆቹ ዙሪያውን ተቀምጠው እያነበነቡ። በ1779 ደግሞ ፍሬድሪክ ለጦር ጉዳተኞቹ መተዳደሪያ ሲፈልግ ማንበብና መጻፍ የሚችሉት ገጠር ገብተው ያስተምሩ አለ። አንዳንድ ሰው ይህንን ሰምቶ "አያችሁ፣ ትምህርት ቤቱን ወታደራዊ ሊያደርገው ነው" ይላል። የእኔ ግምት ከዚያ ያነሰ ነው፤ ንጉሡ ጡረታ መክፈል አልፈለገም።

ወላጁስ? ወላጁ ተቃወመ፤ በአዋጅ ሳይሆን ልጁን ባለመላክ። የገበሬ ልጅ ከአምስትና ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ ዝይ ይጠብቃል፣ ከብት ያግዳል፣ ታናሹን ያዝላል። በመኸር ጊዜ አንድ ጥንድ እጅ ምን ማለት እንደሆነ ገጠር ያደገ ሰው ያውቀዋል። በዚያ ላይ ክፍያ አለ። ስለዚህ በጋ ላይ ክፍሉ ባዶ ነው። ቅጣቱስ? ቅጣቱን የሚያስፈጽመው የአካባቢው ባላባት ነው፤ ባላባቱ ደግሞ ልጁ እሱ ማሳ ላይ እንዲሠራ ነው የሚፈልገው። ትምህርት ቤቱን የመሥራት ወጪም በከፊል ወደ እሱ ስለሚመጣ ጭራሽ አይቸኩልም። በየመንደሩ ነገሩ እንደ ቄሱ ትጋትና እንደ ባላባቱ ፊት ይለያያል። ንጉሥ አዘዘ፣ ገንዘብ ግን አልላከም። እዚህ ላይ ነው ሁሉ ነገር የሚንጠለጠለው።

ጎረቤት ኦስትሪያ ገንዘቡን ያገኘችው በአጋጣሚ ነው። በ1773 ሮማዊው ጳጳስ የኢየሱሳውያንን ማኅበር ሲያፈርስ ንብረታቸው በንግሥት ማርያ ቴሬዛ እጅ ገባ፤ ከፊሉ ለትምህርት ዋለ። ንግሥቲቱ ከዚያ በፊት ትምህርት የመንግሥት ጉዳይ ነው፣ ምን ጊዜም ይሆናል ብላ ነበር። ሕጉን እንዲያዘጋጅላት ያመጣችው ሰው ፌልቢገር ይባላል፤ የካቶሊክ አበምኔት ሲሆን የሚኖረው ፍሬድሪክ ከእሷ በጦርነት በነጠቃት በሲሌዥያ ነው። ጠላቷን አስፈቅዳ የጠላቷን ሰው ቀጠረች ማለት ነው። የ1774ቱ ሕግ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ያሉ ልጆች ይማሩ ይላል። ፌልቢገር ያስፋፋው ዋና ነገር ክፍሉ በሙሉ አንድ መጽሐፍ ይዞ አብሮ መማሩ ነው። ከዚያ በፊት ልጅ ተራውን ጠብቆ ወደ መምህሩ እየቀረበ ለብቻው ነበር የሚማረው፤ ልክ የኔታ ዘንድ እንደሚደረገው። ዛሬ እንደ ተፈጥሮ የምናየው ረድፍ ረድፍ የተቀመጠ ክፍል ከዚህ ዘመን የመጣ ነው።

ፋብሪካው የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሲመጣም የመጀመሪያው ሥራው ልጆችን ከክፍል አውጥቶ ጥጥ መፍተያ ላይ ማቆም ሆነ። በ1820ዎቹ በፕሩሺያ ራይንላንድ የስምንትና የዘጠኝ ዓመት ልጆች ሌሊት ጭምር ይሠሩ ነበር። የግዴታ ትምህርት ሕግ ነበር ወይ? ነበር። ማን ሰምቶት!

በ1828 አንድ ጄኔራል፣ ፎን ሆርን ይባላል፣ ለንጉሡ ሪፖርት ላከ። የፋብሪካ አካባቢዎች የሚጠበቅባቸውን የምልምል ቁጥር ማሟላት አቅቷቸዋል፤ ልጆቹ በሥራ ደቀዋል። ንጉሡ ደነገጠ። ክርክሩ አሥር ዓመት ያህል ፈጅቶ መጋቢት 1839 ሕግ ወጣ፤ ከዘጠኝ ዓመት በታች ያለ ልጅ በፋብሪካና በማዕድን ማውጫ በቋሚነት እንዳይሠራ፣ ከ16 በታች ያለው በቀን ከአሥር ሰዓት በላይ እንዳይሠራ፣ ማንበብና መጻፍ የማይችል ወይም ሦስት ዓመት ያልተማረ እንዳይቀጠር። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ አሥር ሰዓት ሥራ "ጥበቃ" ነበር! እንዲያም ሆኖ ባለ ፋብሪካዎቹ አልወደዱትም፤ ርካሽ እጅ ነው የሚያጡት።

ትምህርት ቤትን የወለደው ፋብሪካ ቢሆን ኖሮ ቀድማ የግዴታ ትምህርት ልታወጣ የሚገባት እንግሊዝ ነበረች። የዓለም የመጀመሪያዋ የኢንዱስትሪ አገር ናት። ግን በ1807 ለድሃ ልጆች በየደብሩ ትምህርት ቤት ይከፈት የሚል ረቂቅ ሲቀርብ ፓርላማው ውስጥ ዴቪስ ጊዲ የተባለ አባል ተነሥቶ ድሃ ከተማረ ዕጣውን ይንቃል፣ ጥሩ የእርሻ አገልጋይ መሆኑ ይቀራል፣ አመጽ ቀስቃሽ ጽሑፍ ያነባል ብሎ ተከራከረ። ረቂቁም ወደቀ። በ1833 የወጣው የፋብሪካ ሕግ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ለሚሠሩ ልጆች በቀን ሁለት ሰዓት ትምህርት አዘዘ። አገር አቀፍ ግዴታ የመጣው ግን በ1880 ነው፤ እሱም እስከ አሥር ዓመት ዕድሜ ብቻ። ኢንዱስትሪው ከመቶ ዓመት በላይ ያለ ግዴታ ትምህርት ሠርቷል። መፍተያ ማሽን ለማንቀሳቀስ ማንበብ አያስፈልግም፤ ትንሽ ጣትና ረሃብ ይበቃል።

ፕሩሺያ ውስጥ ሕጉ ከወረቀት ወደ መሬት የወረደው በሽንፈት ምክንያት ነው። በጥቅምት 1806 ናፖሊዮን የፕሩሺያን ጦር የና በተባለች ከተማ አጠገብ ደመሰሰው፤ በቀጣዩ ዓመት አገሪቱ ግማሽ ያህል ግዛቷን አጣች። በማግስቱ ትልቁ ጥያቄ ሕዝቡ ለምን ለአገሩ አልተዋጋም የሚል ሆነ። ጌታው ንብረት ያደረገው ገበሬ ለማን ብሎ ይሙት? ገበሬውን ከባላባቱ የሚፈታው አዋጅ በ1807 ወጣ። ፈላስፋው ፊሽተ በፈረንሳይ ወታደር በተያዘችው በርሊን ቆሞ አዲስ ሕዝብ በትምህርት እንፍጠር ብሎ ሰበከ። ቪልሄልም ፎን ሁምቦልት በ1809 ትምህርቱን ተረከበ፤ እሱ ደግሞ ታዛዥ ለመፍጠር የተነሣ ሰው አይደለም፤ ማንኛውም ልጅ ጫማ ሰፊም ይሁን ሹም በመጀመሪያ ሙሉ ሰው ይሁን ባይ ነው። በሥልጣን ላይ የቆየው ዓመት ከመንፈቅ እንኳ አይሞላም። ግን የመምህራን ማሠልጠኛዎቹ እየበዙ ሄዱ፣ የተማረ መምህር ገጠር ገባ፣ ልብስ ሰፊው ወደ መርፌው ተመለሰ። በ1816 ለትምህርት ከደረሱት ልጆች 60 በመቶ ያህሉ ይማሩ ነበር፤ በ1846 ከ80 በመቶ በላይ ሆኑ። ከመጀመሪያው ትእዛዝ 130 ዓመት ገደማ አለፈ ማለት ነው።

ከዚያ ደግሞ ነገሩ በንጉሡ ላይ ተገለበጠ። በ1848 አብዮት ፈነዳ፤ የገጠር መምህራንም ከአመጸኞቹ ጋር ታዩ። በቀጣዩ ዓመት ንጉሥ ፍሬድሪክ ቪልሄልም አራተኛ የመምህራን ማሠልጠኛ ኃላፊዎችን ሰብስቦ በፕሩሺያ ላይ የወረደው መከራ ሁሉ የእናንተ ጥፋት ነው ብሎ ወረደባቸው። በ1854 መምህራኑ ራሳቸው የሚማሩትን የሚቆርጥ መመሪያ ወጣ፤ ሃይማኖት ይብዛ፣ ሥነ ጽሑፍ ይቀነስ። ታዛዥ ለማውጣት የተሠራው ተቋም ታዛዥ ብቻ እንደማያወጣ ከሁሉም ቀድመው የተረዱት እነዚህ ነገሥታት ናቸው። ማንበብ የቻለ ልጅ መዝሙሩን ብቻ አያነብም።

ሌሎች አገሮች የቀዱት ከ1806ቱ ሽንፈት በኋላና ከ1854ቱ መመሪያ በፊት የነበረውን የፕሩሺያ ትምህርት ቤት ነው። የማሳቹሴትሱ የትምህርት ኃላፊ ሆረስ ማን በ1843 ሄዶ ካየ በኋላ የማረከው የመምህሩ ችሎታ ነው፤ ሳይገርፍ ያስተምራል፣ መጽሐፍ ሳይዝ ያስረዳል ብሎ ጻፈ። ግዛቲቱ በ1852 የግዴታ ሕግ አወጣች፤ ከ8 እስከ 14 ዓመት ያለ ልጅ በዓመት ቢያንስ 12 ሳምንት ይማር ይላል። በዚያን ጊዜ በገፍ የሚገቡትን የአየርላንድ ካቶሊኮች የመፍራት ነገርም ከጀርባው ነበር። ፈረንሳይ በ1881 ትምህርቱን ነፃ፣ በ1882 ግዴታ አደረገችው፤ ትምህርቱንም ከቄሶቹ እጅ አወጣችው። ጃፓን በ1872 ስታውጅ ክፍያው በወላጅ ላይ ስለወደቀ ገበሬዎች ተነሥተው ትምህርት ቤቶችን አቃጠሉ። ክፍያው በ1900 ከተነሣ በኋላ ግን ከ90 በመቶ በላይ ልጅ ገባ።

የኛስ? በአጼ ምኒልክ ዘመን፣ በ1898 ዓ.ም. አካባቢ፣ ወንዱም ሴቱም ልጅ ከስድስት ዓመቱ በኋላ ትምህርት ቤት ይግባ የሚል አዋጅ እንደወጣ በትምህርት ታሪክ ጽሑፎች ዘወትር ይጠቀሳል። ልጁን ያላስተማረ ሰው ሲሞት ንብረቱ ለልጆቹ መሆኑ ይቀራል የሚል ማስፈራሪያም ነበረበት ይባላል። ከ16 ግሮሽን ጋር ሲነጻጸር ይሄኛው ከበድ ይላል! የመጀመሪያው ዘመናዊ የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ዳግማዊ ምኒልክ፣ የተከፈተው ግን በ1900 ዓ.ም. አካባቢ ነው፤ መምህራኑም ቤተ ክህነቱን ለማለዘብ ከግብፅ የመጡ ኮፕቶች ነበሩ። አንድ ትምህርት ቤት ይዞ አገርን ማስገደድ አይቻልም። ከሃምሳ ምናምን ዓመት በኋላ፣ ግንቦት 1953 ዓ.ም.፣ የአፍሪካ አገሮች የትምህርት ኃላፊዎች አዲስ አበባ ተሰብስበው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት እስከ 1980 እ.ኤ.አ. በአህጉሩ ሁሉ ነፃና ግዴታ ይሁን ብለው ወሰኑ። ዓመቱ መጣ፣ ግቡ አልተመታም። በኢትዮጵያ ገጠርም እረኛ ልጅ ለቤተሰቡ የሚሰጠው ጉልበት ከ1763ቱ የፕሩሺያ ልጅ ጉልበት የሚለይበት ነገር የለውም። ደብተር፣ ዩኒፎርም፣ የሁለት ሰዓት መንገድ፣ በአጨዳ ጊዜ የጎደለ እጅ፤ ሒሳቡን የሚከፍለው ወላጁ ከሆነ አዋጁ እንዳማረ ይቀመጣል።

ጀርመን የምትኖሩ አንባቢዎች ግን ይህንን ሁሉ ስታነቡ "እኛ አገር ያለው ግዴታ እንደሁ ወረቀት ላይ የቀረ አይደለም" ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። የኛ ገና የጀርመኖቹ የገና እረፍት ሊያልቅ ሲል ወይም ካለቀ በኋላ ነው የሚውለው፤ ጥምቀትማ ጭራሽ ትምህርት ከተጀመረ ነው። አገር ቤት ሄዶ ጥምቀትን አክብሮ ለመመለስ ልጅን ሁለት ሳምንት ማስቀረት ያለ ፈቃድ ከሆነ ገንዘብ ያስቀጣል። በ2018 የባቫሪያ ፖሊስ ሜሚንገን አውሮፕላን ማረፊያ ቆሞ ከእረፍት በፊት ልጆቻቸውን ይዘው ሊበሩ የነበሩ ቤተሰቦችን ሲመዘግብ ነበር። ልጅን ቤት ማስተማርም በጀርመን በመሠረቱ አይፈቀድም፤ የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤትም በ2019 ልጆቻቸውን አልክም ባሉ ወላጆች ላይ ጀርመን የወሰደችውን እርምጃ ደግፏል።

ይህን ጥብቅነት ሰው ሁሉ ለፕሩሺያ ነገሥታት ይሰጠዋል። ግን የ1794ቱ የፕሩሺያ ሕግ ራሱ ልጁን ቤት ማስተማር ለሚችል ወላጅ በሩን ክፍት ትቶ ነበር፤ ትምህርት ቤት መላክ ያለበት ቤት ማስተማር ያልቻለ ወይም ያልፈለገ ነው። በሩ የተዘጋው በ1919 ነገሥታቱ ከተባረሩ በኋላ ነው። አዲሱ ሪፐብሊክ በሕገ መንግሥቱ ለሁሉም የትምህርት ቤት ግዴታ ደነገገ፤ በ1920 ደግሞ የባለጸጋ ልጆች ለብቻቸው የሚማሩባቸው የመሰናዶ ትምህርት ቤቶች ቀስ በቀስ እንዲዘጉና የሚኒስትሩም የጋሪ ነጂውም ልጅ የመጀመሪያዎቹን አራት ዓመታት አንድ ወንበር ላይ እንዲቀመጥ አዘዘ። ናዚዎች በ1938 ያወጡት ሕግ ደግሞ ልጁን በፖሊስ አስይዞ ማምጣትን ይፈቅድ ነበር። ኦስትሪያ ግን የማርያ ቴሬዛን መንገድ አልለቀቀችም። እዚያ ግዴታው መማሩ ነው፤ ቪየና ያለ ቤተሰብ ልጁን ቤት አስተምራለሁ ካለ ያስመዘግባል፣ ልጁም በየዓመቱ መጨረሻ ፈተና ይቀመጣል፣ ከወደቀ በሚቀጥለው ዓመት ትምህርት ቤት ይገባል።